የጨዋታ መሪ ሥልጣንና የተጫዋቾች ነጻነት

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



በልጅነቱ «እቃ እቃ» ያልተጫወተ ከመካከላችን ማን አለ? የጠርሙስ ክዳን ድስት፣ አፈር ዱቄት፣ ቅጠል ጎመን ይሆናል፤ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ታናሹም ሁልጊዜ ልጅ ይሆናል። ጨዋታው ሲጀመር ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው በጠብ ነው። አንዱ «እኔ ከገበያ መጥቻለሁ» ሲል ሌላው «አልመጣህም፤ ገና መንገድ ላይ ነህ» ይለዋል። መጣ ወይስ አልመጣም? ይህን የሚቆርጥ ዳኛ የለም። ስለዚህ ጉልበት ያለው ልጅ ወይም ድስቱን ይዞ ወደ ቤቱ እሄዳለሁ የሚለው ልጅ ፈራጅ ይሆናል።

እኔ ዛሬ የምጽፍለት ጨዋታ ይህንኑ የልጅነት ጠብ በሕግ ለመፍታት የሚሞክር የትልልቅ ሰዎች «እቃ እቃ» ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። በእንግሊዝኛ «ሮል ፕሌዪንግ ጌም» ይባላል፤ እኔና ጓደኞቼ «የሚና ጨዋታ» ብለነዋል። በኮምፒዩተር የሚደረግ ዓይነትም አለው፤ የእኔ ነገር ግን በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በቃል ስለሚደረገው ብቻ ነው። የጽሑፌም ዓላማ አንድ ጥያቄን መመርመር ነው፤ ይኸውም የጨዋታው መሪ ምን ያህል ይዘዝ? ተጫዋቹስ ምን ያህል በራሱ ፈቃድ ይሂድ? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የመረጥሁት እኔው ራሴ መሪ ሆኜ ስላጠፋሁበትና የቅርብ ጓደኛዬን ስላስቀየምሁበት ነው።

የጨዋታው አኳኋን

አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ መሪ ይሆናል፤ የቀሩት ተጫዋቾች ናቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ ለምሳሌ ነጋዴ፣ ሐኪም፣ አዳኝ ወይም ወታደር። የዚያን ሰው ስም፣ ጉልበት፣ ብልሃትና የያዘውን ዕቃ በወረቀት ላይ ይጽፋል። መሪው ግን እንደ ተጫዋቾቹ የአንድ ሰው ባለቤት አይደለም፤ የቀረው ዓለም ሁሉ የእርሱ ነው። ተራራው፣ ወንዙ፣ ዝናቡ፣ የገበያው ሕዝብ፣ ጠላቱም ወዳጁም በእርሱ አፍ ይናገራሉ።

ጨዋታው የሚሄደው በንግግር ነው። መሪው «ወንዙ ሞልቷል፤ ድልድዩም ተሰብሯል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቹ «ገመድ በዛፉ ላይ አስሬ እሻገራለሁ» ብሎ ይመልሳል። መሻገሩ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል። ዳይስ በሉዶ ጨዋታ የምንጥላት ባለ ቁጥር ዕቃ ናት፤ በዚህ ጨዋታ ግን ከባለ 6 ገጿ ሌላ ባለ 20 ገጽም አለች። መሪው እንደ ሥራው ክብደት አንድ ቁጥር ይወስናል። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚባለው በታወቀው ጨዋታ ሕግ መሠረት ለቀላል ሥራ 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20 ይወሰናል። ተጫዋቹ በዳይሷ ያገኘውን ቁጥር ከገጸ ባሕርዩ ችሎታ ጋር ደምሮ ከተወሰነው ቁጥር ከደረሰ ወይም ካለፈ ሥራው ይከናወንለታል፤ ካነሰ ይሰናከላል። ከዚያ በኋላ የሆነውን መሪው ይተርካል፤ እንደገናም «ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል።

በዚህ ጨዋታ እንደ ሰንጠረዥ ወይም እንደ ገበጣ አሸናፊና ተሸናፊ የለም። መሪውም የተጫዋቾቹ ተጋጣሚ አይደለም። ሥልጣኑ በሦስት የተከፈለ ነው ማለት ይቻላል፤ ዓለሙ የመሪው፣ ፈቃዱ የተጫዋቹ፣ ጥርጣሬው ደግሞ የዳይሷ ነው። ችግር የሚነሣው አንዱ የሌላውን ድርሻ ሲወስድ ነው።

የጨዋታው አመጣጥ

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ጨዋታ የተወለደው ከጦር ትምህርት ነው። በ1824 የፕሩስያ መኮንን የነበረው ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ «ክሪግስሽፒል» ማለት «የጦርነት ጨዋታ» የተባለውን ሕግ አሳተመ። መኮንኖቹ ትእዛዛቸውን ለአንድ ዳኛ ይሰጣሉ፤ ዳኛውም በካርታው ላይ ጭፍሮቹን ያንቀሳቅሳል፤ የሞተውንና የቆሰለውን በዳይስና በሠንጠረዥ ያሰላል። ነገር ግን ስሌቱ ብዙ ስለ ነበረ ጨዋታው አዝጋሚና አድካሚ ሆነ። ስለዚህ በ1876 ዩሊዩስ ፎን ፌርዲ ዱ ቬርንዋ የተባለ ሌላ የፕሩስያ መኮንን ሠንጠረዡና ዳይሱ ቀርቶ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ አስተያየት ይፍረድ የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። እንግዲህ ሕጉ ይፍረድ ወይስ ዳኛው የሚለው ክርክር በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም።

በ1880 ቻርልስ ቶተን የተባለ አሜሪካዊ መኮንን «ስትራቴጎስ» የሚባል የጦርነት ጨዋታ መጽሐፍ አወጣ። ይህ መጽሐፍ ከብዙ ዘመን በኋላ በሚኒሶታ ግዛት ይኖር በነበረው በዴቪድ ዌስሊ እጅ ገባ። ዌስሊ በ1969 «ብራውንስታይን» የተባለች በሐሳብ የተፈጠረች የጀርመን ከተማ መድረክ አድርጎ ጓደኞቹን አጫወተ። ለአንዳንዶቹ ጦር ሠራዊት በመስጠት ፈንታ የአንድ ሰው ሚና ሰጣቸው፤ አንዱ ከንቲባ፣ አንዱ የባንክ ባለቤት፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪ ሆነ። ተጫዋቾቹ ግን መሪው ያሰበውን አልጠበቁም። እየተነሡ በየጥጉ ይመካከሩ ጀመር፤ ሁለቱም ተጣልተው በጦር መሣሪያ ካልተፋለምን አሉ። ዌስሊ ያላዘጋጀውን ሕግ እዚያው ፈጥሮ መስጠት ግድ ሆነበት። በመጨረሻም ጨዋታው ተበላሸብኝ ብሎ አዘነ፤ ተጫዋቾቹ ግን ድገመን አሉት።

ይህ ነገር ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የመሪው ዕቅድ በፈረሰበት ሰዓት አዲስ ጨዋታ ተወልዷልና። ከተጫዋቾቹ አንዱ የነበረው ዴቭ አርነሰን ይህንኑ ፈለግ ተከትሎ «ብላክሙር» የተባለውን የራሱን ዓለም ፈጠረ፤ በ1974ም ከጌሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ለሕትመት አበቃ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ

በ2023 የዚህ ጨዋታ አሳታሚ የሕጉን ዋና ክፍል ማንም ሰው በነጻ እንዲጠቀምበት ለቅቆታል። እኛም ዓምና በክረምት ይህንኑ አግኝተን አምስት ሆነን ተሰበሰብን፤ እኔ መሪ፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ጓደኞቼ ተጫዋቾች ሆንን። ባለ 20 ገጿ ዳይስ ስላልነበረችን ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ወረቀቶች ጠቅልለን በጣሳ ውስጥ አድርገን ዕጣ እናወጣ ነበር፤ የወጣውንም ዕጣ ወዲያው ጠቅልለን እንመልሰዋለን። በሥራው ከዳይስ አያንስም።

ታሪኩን እኔ አዘጋጀሁ። አራቱ ጓደኞቼ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡ የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። በገደሉ አፋፍ ሽፍቶች ይጠብቋቸዋል፤ ይዋጋሉ፤ ይሸነፋሉ፤ በዋሻ ይታሰራሉ፤ በሌሊትም ያመልጣሉ። ይህን ሁሉ በ14 ገጽ ጽፌ ስጨርስ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረና ሽፍቶቹ ብቅ አሉ። የነጋዴዎቹ አለቃ የሆነው ጓደኛዬ፣ በትምህርት ቤት የአንድ ዴስክ ተቀማጬ ነው፣ «አንዋጋም፤ ሽማግሌ ልከን እንደራደር፤ ከአሞሌው እኩሌታውን ሰጥተን እንለፍ» አለ። ይህ በ14ቱ ገጽ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ «ሽፍቶቹ ሽማግሌ አይቀበሉም» አልሁ። ሁለተኛው «እንግዲያው በመጣንበት እንመለስ» አለ። «መንገዱን ናዳ ዘግቶታል» አልሁ። አንደኛዋ «እኔ ከድንጋዩ ሥር ካለው ፍርኩታ እደበቃለሁ» አለች። «ነብር አለበት» አልሁ። «ነብሩን በእሳት አስፈራራዋለሁ» ብትለኝ «ሦስት ናቸው» አልኋት።

በዚህ ጊዜ ጓደኛዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ታሪኩን ጨርሰህ ጽፈህ ከመጣህ እኛን ለምን ጠራኸን? ጽሑፉን ስጠንና ተራ በተራ እናንብበው» ብሎኝ ተነሥቶ ሄደ። የቀሩትም ተከተሉት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታው ቀዝቅዞብኝ ሰነበተ።

ይህን ዓይነቱን አመራር የውጭ አገር ተጫዋቾች በባቡር ሐዲድ ይመስሉታል። ባቡር ይሄዳል እንጂ መንገዱን አይመርጥም፤ ተሳፋሪውም በመስኮት ከማየት በቀር ሥራ የለውም። እኔ ያን ቀን ዓለሙ የእኔ ስለ ሆነ ያሻኝን ማድረግ መብቴ መስሎኝ ነበር። ናዳውም ነብሩም እያንዳንዳቸው በሕጉ የተፈቀዱልኝ ናቸው። ጥፋቱ ሁሉንም የተጠቀምሁባቸው የጓደኞቼን ፈቃድ ለመዝጋት መሆኑ ነው። መሪው ተራራም ወንዝም አለው፤ ተጫዋቹ ግን ያለው የአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ ነው። እርሷን ከወሰዱበት በጠረጴዛው ላይ ምንም አይቀርለትም።

ሁለተኛው ስሕተቴ

ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ፣ እናቱ ቡና እያፈሉ ሳለ፣ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ጨዋታውም እንደገና ተጀመረ። ሆኖም ከአንዱ ዳር ሸሽቼ በሌላው ዳር ወደቅሁ። ሐዲድ አትዘርጋ ስለ ተባልሁ፣ የጠየቁትን ሁሉ እሺ ማለት ጀመርሁ።

አንዱ «በከረጢቴ ገመድ አለኝ» አለ፤ እሺ። «ጠመንጃም አለኝ» አለ፤ እሺ። ቀጥሎ «የሽፍቶቹ አለቃ አጎቴ ነው» አለ፤ እሺ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነጋዴዎቹ የመቶ በቅሎ ጌቶች ሆኑ፤ ሽፍታውም አሽከራቸው ሆነ። ለጥቂት ጊዜ ሳቅን፤ ከዚያ ግን ሁላችንም ማዛጋት ጀመርን። ድምፁ ከፍ ያለው ተጫዋች ጨዋታውን ጠቅልሎ ሲይዘው፣ ዝምተኛዋ ጓደኛችን በዚያ ሁሉ ጊዜ የተናገረችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። በመጨረሻ እርሷው «ምንም ብናደርግ የሚሳካልን ከሆነ መምረጡ ለምን አስፈለገን?» አለች።

ከዚህች ንግግር የተማርሁት ከ14ቱ ገጼ ይበልጣል። ምርጫ የሚከብደው ዋጋ ሲኖረው ነው። ወንዙ የማያሰጥም ከሆነ ገመድ ማሰር ጥበብ አይደለም። እንግዲህ የመሪው ሥልጣን የተጫዋቹ ነጻነት ጠላት ሳይሆን የሚቆምበት መሬት ነው። መሪው ሥልጣኑን ሲጥል ሥልጣኑ ለሁሉ እኩል አይዳረስም፤ እንደ «እቃ እቃ»ው ጉልበተኛው ያነሣዋል። አንድ እጅ አያጨበጭብም እንደሚባለው፣ መሪ ብቻውን ወይም ተጫዋች ብቻውን ጨዋታ አይሆንም።

በቁጥር ውስጥ የሚደበቅ ሥልጣን

ከላይ የነገርኋችሁ ስሕተቶች ግልጽ ናቸው። ከእነርሱ የሚከፋ ስውር ስሕተት ደግሞ አለ፤ እርሱን ለማሳየት ጥቂት ሒሳብ ያስፈልገናል።

የሥራው ቁጥር 15፣ የተጫዋቹ ችሎታ 3 ነው እንበል። ተጫዋቹ እንዲሳካለት ከ20ዎቹ ዕጣዎች 12 ወይም ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት፤ ይኸውም 9 ዕድል ከ20፣ ማለት ከመቶ 45 ነው። አሁን መሪው እምቢ ማለት አፍሮ «ገደሉን ለመውጣት ሦስት ጊዜ ዕጣ አውጣ፤ ሦስቱም መሳካት አለባቸው» ቢል፣ ዕድሉ 9/20 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከመቶ 9 ያህል ብቻ ይሆናል። መሪው በአፉ «ሞክር» ብሏል፤ በቁጥሩ ግን «አትችልም» ብሏል። በአንጻሩ ተጫዋቹ ሲሳሳት «ድገም፤ ድገም» እያለ እስከ ሦስት ጊዜ ቢፈቅድለት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመሳካቱ ዕድል ከመቶ 83 ይደርሳል። ይህም በስውር «ይሁንልህ» ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዕጣው ከወጣ በኋላ ቁጥሩን መወሰን ነው። ተጫዋቹ 16 ሲያገኝ «17 ነበር የሚያስፈልግህ» የሚል መሪ ዳይሷን ምስክር ማድረጉን ትቶ መሣሪያ አድርጓታል። እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? ዳኛው ራሱ ከሸፈጠ ተጫዋቹ ለማን አቤት ይላል?

ሚዛኑ የሚጠበቅበት መንገድ

ከሁለቱ ስሕተቶች በኋላ አምስታችን ተመካክረን የሚከተሉትን ደንቦች አወጣን።

1ኛ፤ ሳይጀመር መስማማት። ታሪኩ የሚያስፈራ ወይስ የሚያስቅ ይሁን? የትኛው ነገርስ ከጨዋታው ይቅር? ለምሳሌ ከመካከላችን አንዷ የሕፃን ሞት በጨዋታው እንዳይነሣ ጠየቀች፤ ምክንያቱን ሳንጠይቅ ተቀበልን። የመሪው ሥልጣን የሚመነጨው ከዚህ ስምምነት ነው።

2ኛ፤ መሪው ሁኔታን ያዘጋጅ እንጂ ፍጻሜን አያዘጋጅ። ዛሬ 14 ገጽ አልጽፍም። ሽፍታው ማን ነው? ምን ይፈልጋል? ምን ይፈራል? ስንት ሰው አለው? ማንም ባያግደው ነገ ምን ያደርጋል? ይህን በአንድ ገጽ ላይ ካሰፈርሁ፣ ተጫዋቾቹ ያላሰብሁትን ቢያመጡ እንኳ ሽፍታው እንደ ባሕርዩ የሚመልሰው አያጣም።

3ኛ፤ ቁጥሩና የሚከተለው አደጋ ከዕጣው በፊት ጮክ ተብሎ ይነገር። ተጫዋቹ ዋጋውን አውቆ ይግባ ወይም ሐሳቡን ይለውጥ።

4ኛ፤ በጨዋታው መካከል ፍርዱ የመሪው ነው፤ አቤቱታው ግን ከጨዋታው በኋላ ይሰማል። በእያንዳንዱ ፍርድ ላይ ግማሽ ሰዓት ከተከራከርን ጨዋታው ሸንጎ ይሆናል። መሪው ተሳስቶ ከተገኘ ስሕተቱን አምኖ ለሚቀጥለው ጊዜ ያርማል።

5ኛ፤ ለዝምተኛው ተራ ይሰጥ። መሪው በየተራው ስም እየጠራ «አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቅ።

ተጫዋቾችም ግዴታ እንዳለባቸው መዘንጋት አይገባም። «የእኔ ገጸ ባሕርይ ሌባ ስለ ሆነ ነው» እያለ የጓደኞቹን ስንቅ የሚሰርቅና ጨዋታውን የሚያበላሽ ተጫዋች ነጻነትን ምክንያት አድርጎ ሌሎቹን ይበድላል። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው እርሱ ራሱ ነውና ጥፋቱም የእርሱ ነው።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ መሪው ለምን ጨርሶ አይቀርም?» ይል ይሆናል። ይህም ተሞክሯል። በ2009 ጄሰን ሞርኒንግስታር ያወጣው «ፊያስኮ» የተባለው ጨዋታ ያለ መሪ የሚደረግ ነው። ነገር ግን እዚያም ማን መቼ ታሪኩን እንደሚከፍት፣ ማን እንደሚዘጋ የሚወስን ሕግ አለ። በ2010 ቪንሰንትና ሜጊ ቤከር ያወጡት «አፖካሊፕስ ወርልድ» ደግሞ መሪውን አላስቀረም፤ ይልቁንም መሪው ሊከተላቸው የሚገቡትን መመሪያዎች ጽፎ አሰረው፤ ዳይስም የሚጥሉት ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ሥልጣንን መካፈልና ማሰር ይቻላል፤ ያለ አንዳች ሥርዓት መተው ግን ወደ ልጅነታችን ጠብ ይመልሰናል።

መደምደሚያ

ደንቡን ካወጣን በኋላ ያንኑ የገደል አፋፍ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመርነው። ሽፍቶቹ ብቅ አሉ። ጓደኛዬ እንደ ቀድሞው «እደራደራለሁ፤ እኔው ራሴ ብቻዬን ወደ አለቃቸው እሄዳለሁ» አለ። እኔም «ቁጥሩ 15 ነው፤ ባይሳካልህ ግን አንተን መያዣ ያደርጉሃል፤ ትሄዳለህን?» አልሁት። ጥቂት አሰበና «እሄዳለሁ» አለ። እጁን በጣሳው ውስጥ ከትቶ ዕጣ አወጣ፤ 11 ሆነ። ከችሎታው 3 ጋር ሲደመር 14 መጣ። በ1 ቁጥር ጎደለ።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ቁጥሩን ዝቅ ላደርግለት ልቤ ከጅሎ ነበር። እርሱ ግን የወጣውን ዕጣ ለሁሉም አሳየና «በሉ እንግዲህ እሰሩኝ» ብሎ ሳቀ። ሦስቱ ጓደኞቹ እርሱን ለማስፈታት እስኪመሽ ድረስ ዘዴ ሲያወጡና ሲያወርዱ አመሹ፤ በሌሊትም ከዋሻው አስመለጡት።

ከቤቱ ስወጣ ነበር ነገሩ ትዝ ያለኝ። መታሰሩም፣ ዋሻውም፣ በሌሊት ማምለጡም በቀደመው ጽሑፌ ውስጥ ነበሩ። ያን ጊዜ በግድ ላደርገው ብል ጓደኛ ያሳጣኝ ነገር፣ አሁን በፈቃዳቸው ሆነና ሁላችንንም አስደሰተ።

ወላጆቻችን ይህን ጨዋታ ጊዜ ማባከኛ ነው ብለው ቢሰጉ አይፈረድባቸውም፤ በልኩ ካልተያዘ እንደ ማንኛውም ጨዋታ ጥናት ያስፈታል። እኔ ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያገኘሁትን ትምህርት ቀላል አድርጌ አላየውም። ከእኛ መካከል ዛሬ የክፍል አለቃ የሆነ አለ፤ ነገ የሥራ ኃላፊ፣ የቤተሰብ አባት ወይም እናት የሚሆን ብዙ ነው። ቁጥሩን አስቀድሞ የሚናገር፣ ጠይቆም መልሱን የሚጠብቅ አለቃ ሥልጣኑ አይቀንስበትም። ጓደኛዬ ዕጣው ሲጎድልበት ያለ ማጉረምረም የተቀበለኝ እኔን ፈርቶ ሳይሆን፣ ቁጥሩን አስቀድሞ ሰምቶ በፈቃዱ ስለ ገባበት ነው።